ራሂማን የማይንጥ መኪና

ሰኔ 2

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለመኪናው ነው። ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን ልክ፣ የተቀየረውንና ያልተቀየረውን ልጽፍበት። ጋራዥ ውስጥ በቁራጭ ወረቀት የምጽፈው ሁሉ ዘይት እየነካው ይበላሽብኛል።

ዛሬ ግን ስለ መኪናው የምጽፈው የለኝም። የአርቡን አረፋ ብቻዬን ዋልኩ። ጎረቤቶች ጥሬ ሥጋ አመጡልኝ። ይዤው ትንሽ ቆምኩና መልሼ ለነሱው ወሰድኩላቸው፤ ሴትየዋ ቀቅላ በሰሃን ላከችልኝ። ግማሹን በላሁ።

ባለቤቴ ራሂማ ከገራዶ ማዶ እናቷ ቤት ናት። ሚያዝያ ላይ ከፋብሪካ ወጥታ ወደ ቤት ስትመጣ የተሳፈረችበት ባጃጅ በርበሬ ወንዝ አጠገብ ተገለበጠ። አከርካሪዋ ተጎዳ። ደሴ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲያስወጣት፣ "ተኝታ ትቆይ፤ ምንም ነገር እንዳይንጣት" አለ። እኔ ቀን ጋራዥ የምውል ሰው፣ ኮምቦልቻ ማን ያስታምማታል? እናቷ እማማ ወርቄ፣ "ልጄን እኔ ጋ አምጡልኝ" አሉ። እስከ አስፋልቱ ጫፍ በአምቡላንስ ሄደች፤ ከዚያ የአገሩ ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ አደረሳት።

ትንሽ ስትጠና በራሴ መኪና ወደ ቤቷ እንደማመጣት ነግሬያታለሁ። መኪናው አጎቴ ትቶልኝ ያለፈው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ሞተሩ ደህና ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ሄጄ መጣሁ።

ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለው መንገድ የጎርፍ መውረጃ ነው። ግራና ቀኙ በጎማ ተሸርሽሮ መሃሉ ላይ ድንጋይ ቆሞ ቀርቷል፤ መኪናው በሆዱ ይሳባል። ወንዙ ጋ ስደርስ አንድ ቋጥኝ የሞተሩን ዘይት መያዣ መታው። ወርጄ ሳይ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። በሳሙና ደፍኜ እንደምንም ደረስኩ።

ራሂማ ግድግዳው ጥግ ያለው አልጋ ላይ ተኝታለች። ከስታለች። ፊቷ ግን ያው የራሂማ ፊት ነው፤ ስገባ ሳቀች። ስለ ፋብሪካ ጓደኞቿ ጠየቀችኝ። በፈረቃዋ ማን እንደገባ አላውቅም ነበር። እማማ ወርቄ ውሃ ሊያመጡ ወጡ።

"ሀፊዝ፣ ጎኔ ደነዘዘ። እስቲ ወደ ግድግዳው አገላብጠኝ" አለችኝ።

ተነሳሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግኩ። እግሮቿ እንደተቀመጡበት ነበሩ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል። ወጥቼ እማማ ወርቄን ጠራኋቸው። እሳቸው ያውቁበታል። እኔ ብነካት አጥንቱ ቢላቀቅስ? የኔ እጅ ብሎን የለመደ እጅ ነው።

ዘይቱ ሳያልቅ ልውጣ ብዬ ተነሳሁ።

"አሁን መጥተህ?" አለች።

"መኪናው እያፈሰሰ ነው።"

እማማ ወርቄ እስከ ደጅ ሸኙኝ። "አብሽር ልጄ፣ ይለመዳል" አሉኝ። ስለ መንገዱ መሰለኝ።

ሰኔ 13

መኪናው ከፍ ካላለ እዚያ መንገድ ላይ ሁለተኛ አይወጣም። በዚህ ላይ ክረምቱ እየገባ ነው። አራት ጣት ከፍ ቢል ያ ቋጥኝ አይነካውም።

ባሌስትራው አርጅቶ ሰጥሟል። መኪናውን የሚሸከሙት እነዚያ ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ቅስታቸው ጠፍቶ እንደ ጣውላ ቀጥ ብለዋል። ከጭነት መኪና የተወለቀ ወፍራም ቅጠል ጋራዥ ውስጥ አለ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ እጨምራለሁ።

የዘይት መያዣው ተበየደ።

ሰኔ 20፣ አርብ

ከፍ አለ። ከጁምዓ መልስ ደጋን ድረስ ወስጄ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ኮረኮንች ላይ ሞከርኩት። ምንም አልነካውም፤ ቁመቱስ ግሩም ነው። ግን ጥርሴ ተንገጫገጨ። ትንሿ ጠጠር ሳትቀር ወገቤ ላይ ትደርሳለች።

የጋራዡ ባለቤት ሱሌማን ይዤው ስገባ አየኝ። "ሲሚንቶ ልትጭንበት ነው ወይስ ሰው?" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሲሚንቶ አይታመምም።

ሰኔ 26

ራሂማ ደወለች።

"መቼ ነው የምትመጣ?"

"መኪናው እንዳለቀ።"

"መኪናውን ተወውና አንተ ና።"

"በምን ላመጣሽ ነው ታዲያ?"

"አምጣኝ መች አልኩህ?"

ስልኩ ተቆረጠ። እዚያ አካባቢ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው።

ሐምሌ 3

ዝናብ። ወፍራሙን ቅጠል አወጣሁት። መኪናው መልሶ ዝቅ አለ። በባሌስትራውና ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስል መካከል ብረት አስገብቼ ከፍ ላድርገው ብዬ ነበር። ሱሌማን፣ "ባሌስትራው ያው የሞተው ባሌስትራ ነው። ሬሳ በርጩማ ላይ ብታስቀምጠው ይነሳል?" አለኝ። እውነቱን ነው።

አልደወልኩም። ነገ።

ሐምሌ 6

አልደወልኩም።

ሐምሌ 11፣ አርብ

ከመስጊድ ስወጣ መሲን አገኘኋት። ፋብሪካ ከራሂማ ጋር የምትሠራ ልጅ ናት።

"እሑድ ሄደን አየናት እኮ። ፊቷ ጥሩ ነው፤ ስትስቅ ነው የዋለች" አለችኝ።

"በምን ሄዳችሁ? መንገዱ ተቆርጧል አይደል?"

"እስከ ገራዶ በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ጭቃ ነው እንጂ ይደረሳል።"

"ወንዙስ?"

"ጫማ አውልቀን ተሻገርን። አንተስ መች ሄደህ ነበር?" አለችኝ።

ሰኔ ላይ አልኳት። መኪናዬን እያሠራሁ እንደሆነ፣ ሐኪሙ መናጥ የለባትም እንዳለ፣ ስለ ባሌስትራውም ጭምር ነገርኳት። ብዙ አወራሁ መሰለኝ። ሴት ልጅ የባሌስትራ ወሬ ምን ያደርግላታል? ራሷን ነቅንቃ፣ "አላህ ያሽርላችሁ" ብላኝ ሄደች።

"ያሽርላት" ነበር ማለት የነበረባት። ታማሚዋ አንድ ናት።

ቤቱ ዛሬ ሰፋብኝ። የራሂማ ነጠላ ጫማ ከበሩ ኋላ ነው። ሳልረግጠው ለማለፍ ጠጋ ብዬ እገባለሁ። አንስቼ ሌላ ቦታ ባስቀምጠው ይሻላል፤ ግን የት? እራት ዳቦና ሻይ። ሬዲዮኑን ከፍቼ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ተኛሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም።

ሐምሌ 17

ደሴ አግማስ ጋ ወጣሁ። ድሮ አንድ ጋራዥ ነበርን፤ አሁን ሸዋ በር አካባቢ ባሌስትራ ይሠራል። ከመኪናው ሥር ገብቶ አየና ወጣ።

"ከፍታው አይደለም ያደረቀው፤ አንተ ነህ" አለኝ። "ወፍራም ብረት አይታጠፍም። ቀጫጭን ቅጠል አድርገን እናበዛዋለን፣ ረዘም አድርገን ቅስት እንሰጠዋለን። ከፍታውን ከቅስቱ ታገኛለህ፣ ልስላሴውን ከቅጥነቱ። አሞርዛተሩንም በረጅም ቀይረው፣ ንዝረቱን ይዋጠው። አጭሩ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተወጥሮ ይይዘዋል፣ ያን ጊዜ ነው የሚመታህ።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ለምን ትቸኩላለህ? ምን ልትጭን ነው?"

ነገርኩት። ስለ አደጋው ሰምቷል፤ የት እንዳለች ግን አያውቅም ነበር። ሻርፑን አወለቀና እጁን ጠረገ።

"ተኝታ ከሆነ የምትመጣው ከኋላ ማን ይይዛታል?"

"እናቷ።"

"አንተስ?"

"እኔ እነዳለሁ።"

"ሹፌር እኮ ይገኛል" አለ። መልስ የሚፈልግ አልመሰለኝም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

አግማስ ባሌስትራው ደረሰ ሲለኝ ጠዋት በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። የኋለኞቹ ቅስት አልተስተካከለም ብሎ እንደገና እሳት አስገባቸው። ቀኑን ሙሉ አብሬው ዋልኩ፤ መዶሻ ያዝኩለት፣ ምሳ አብረን በላን፣ የድሮ ነገር እያነሳን ሳቅን። ከተሳቀ ቆይቶ ነበር። ስልኬ ኮቴ ውስጥ ነበር፤ ኮቴ ግድግዳው ላይ። መዶሻው ደግሞ ምን ያሰማል?

ኮምቦልቻ ስገባ የራሂማ እህት ፈትሂያ ደጋግማ እንደደወለች አየሁ። ደወልኩላት።

"ሆስፒታል ነበርን። ዛሬ ቀጠሮዋ አልነበር?" አለችኝ።

"ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም እንዴ?"

"ዛሬ ነው። ነግራሃለች እኮ።"

ነግራኝ ይሆናል። መኪናው በዚያ ጊዜ ያልቃል ብዬ አስቤ ይሆናል።

"በምን መጣች?"

"በምን ትመጣለች? በሰው። ጎረቤት ሁሉ ተነስቶ በቃሬዛ እስከ አስፋልት አወረዳት። ሀፊዝ የት ነው ሲሉ ሥራ ነው አልናቸው።"

"እኔ ደሴ ነበርኩ" አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

ፈትሂያ ሐኪሙ ያለውን ነገረችኝ። አጥንቱ ይዟል። ቀኝ እግሯ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ግራው ገና ነው፤ ምናልባት እንዲሁ ሊቀር ይችላል። አሁን ቀስ ተብሎ መቀመጥ ትለማመድ ተብሏል።

"ራሂማ ምን አለች?"

"ካርድ ክፍሉ ጋ ስንጠብቅ በሩን ታይ ነበር።"

ከሸዋ በር ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ባጃጅ ይዤ ብሄድ ወዲያው እደርስ ነበር። ምሳ ስንበላ አግማስ፣ "ስልክህ ነው የሚጮኸው?" ብሎኝ ነበር። የጎረቤት ሬዲዮን ነው አልኩት። እውነትም ሬዲዮን መስሎኝ ነው።

ቅስቱ ግን ተስተካክሏል።

ነሐሴ 2

እማማ ወርቄ በፈትሂያ ስልክ አስደወሉ። ስልክ ሲይዙ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ይመስላቸዋል፤ ይጮኻሉ።

"ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ምን ትበላለህ?"

"አልሃምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት ነዎት?"

"እኔማ ደህና። ስማኝ። የመንገዱን ነገር ተወው። ሰው ያወጣትን ሰው ያወርዳታል። እሱ አላስቸገረንም።"

"እየጨረስኩ ነው እማማ። ትንሽ ነው የቀረው።"

"እሺ" አሉ። "እሺ ልጄ። ጨርስ።"

ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ 9

አዲሱ ባሌስትራ ገባ። ቅጠሎቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ መካከላቸውን ግራሶ ቀባሁ። ደርቀው ሲፋጩ ነው ብዙው ንዝረት የሚመጣው። ረጃጅም አሞርዛተር። ባሌስትራው ጫፍ ላይ አዲስ የላስቲክ ማያያዣ። የፍሬን ቱቦው ተወጥሮ ስለነበር በረጅም ቀየርኩት። የጎማውን ንፋስ ቀነስ አደረግኩ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስወርድ መታጠፊያው ላይ ተጋደመ። ከፍ ያለና የለሰለሰ መኪና እንዲህ ነው። ራሂማ ብትኖርበት ትንከባለል ነበር። ከፍታውን አንድ ጣት ልቀንስ። ሦስት ጣትም ድንጋዩን ያልፋል።

ሁሉም ነገር ጥቂት ይቀረዋል።

ነሐሴ 16፣ አርብ

አግማስ ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረውና ጋራዥ መጣ። መካከለኛውን ወንበር አውጥቼ ፍራሹን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ዘርግቼዋለሁ። ከኋላ ጎማ በላይ የተኛ ሰው ይዘላል፤ መሃሉ ላይ ግን መኪናው ብዙ አይነሳም። አሳየሁት። ደስ አለው።

"ተኝተህ ሞክረኸዋል?" አለ።

"ስነዳው ነው የሞከርኩት።"

"እንግዲያ አንተ ተኛ፣ እኔ ልንዳ።"

ደጋን ሄድን። ያው ኮረኮንች። ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መኪናው ጥሩ ነው። ለስላሳ ነው፤ እንደ ድሮው አይመታም። ነገር ግን ሹፌር ድንጋዩን አስቀድሞ ያያል፤ ሳያውቀው ሰውነቱ ይዘጋጃል። የተኛ ሰው የሚያየው ጣራውን ብቻ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ይሁን ገደል አያውቅም። እያንዳንዷ ሳይነገረው ትመጣለች። ሁለት እጄን ዘርግቼ የምይዘው ፈለግኩ፤ የጎኑ ብረት ሩቅ ነው። አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ "አሁን ድንጋይ አለ፤ አሁን አለፈ" ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አግማስ አቁሞ በሩን ሲከፍት አየኝ።

"ምነው?"

"አቧራ ነው።"

ነሐሴ ነው። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። አግማስ ጭቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን መልሶ ቀስ ብሎ ዘጋውና ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

ራሂማ በጎንና በጎን የምትይዘው ማሰሪያ አስገባሁ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ትናንት ሄድኩ።

ዝናቡ ለሁለት ቀን ጋብ ብሎ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ያን ቋጥኝ ከላዩ አለፍኩት፤ ምንም አልነካኝም። ልጆች ከኋላ እየሮጡ ተከተሉ። ደጁ ላይ ሳቆመው እማማ ወርቄ ወጥተው መኪናውን ዞሩት። "ማሻአላህ፣ ረዘመ" አሉ።

ራሂማ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ተቀምጣ። እንዲህ ያየኋት ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አለባበሷን አሳምራለች፤ የምመጣ መሆኔን ሰምታለች። ስለ ባሌስትራው፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ማሰሪያው ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እስቲ አሳየኝ" አለች።

ጎረቤቶች መጥተው በብርድ ልብስ አንስተው አስገቧት። እኔ በሩን ያዝኩ። እማማ ወርቄ አጠገቧ ገቡ። ቀስ ብዬ እስከ ወንዙ ወረድኩ። በመስተዋቱ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። አሟት ይሆን ብዬ አቆምኩ።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም። ጥሩ ነው። እንደ ጀልባ ነው።" ጀልባ ተሳፍራ አታውቅም። "አሁን መልሰኝ" አለች።

"ወደ ኮምቦልቻ እኮ ነው። ሁሉን አዘጋጅቻለሁ፤ ቤቱንም አጽድቻለሁ።"

"ወደ እናቴ ቤት መልሰኝ፣ ሀፊዝ።"

እማማ ወርቄ በሩን ከፍተው ወረዱ። ወንዙ ዳር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

"ኮምቦልቻ ማን ያገላብጠኛል?" አለች ራሂማ።

"ሰው እንቀጥራለን።"

"አየህ?" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ለልጅ እንደሚነገር ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። "ትፈራኛለህ። ሰኔ ላይ እናቴን ልትጠራ ስትወጣ ፊትህን አይቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ይህን መኪና ስትሠራ እኔ አንተን ስጠብቅ ነበር፤ አንተ መንገዱን ነው የምትጠብቀው። መንገዱ ምን አደረገህ? መሲ መጣችበት።"

"እንዳትናጪ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ለኔ ብለህ ነው፤ አልክድም። ግን አንድ ቀን ተንጬ እዚያው አጠገቤ ብትሆን እመርጥ ነበር።"

እማማ ወርቄ ተመልሰው ሲገቡ ቁልፉን አዞርኩ። እስከ ደጁ ድረስ በዝግታ ነዳሁ፤ ድንጋይ ሲመጣ "ድንጋይ አለ" አልኳት። "እሺ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ እሷም ሁሉን "እሺ" አለች።

ምሳ በላሁ። ሲመሽ ወጣሁ።

መመለሱን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን የመኪናው ደብተር ነውና ልጻፈው። ባሌስትራውን የለካሁት ለሦስት ሰውና ለፍራሽ ነው። ባዶውን ሲሆን ክብደት ያጣል፣ ይዘላል። ከወንዙ እስከ አስፋልት እንደ ፍየል አዘለለኝ። ባዶ መኪና የሚለሰልስበት መላ የለም።

ነሐሴ 28

ሱሌማንን እስከ መስቀል ፈቃድ ጠየቅኩት።

"መኪናው አላለቀም እንዴ?" አለ።

"አልቋል።"

"ታዲያ የምን ፈቃድ ነው?"

"ባለቤቴ ታማለች" አልኩት። ከሚያዝያ ጀምሮ ታማለች። ለሰው አፍ አውጥቼ ስናገረው ግን ዛሬ ገና መሰለኝ። ሱሌማን አየኝና፣ "ሂድ። ቆየህ እኮ" አለ።

ጳጉሜ 2፣ እማማ ወርቄ ቤት

የመውሊድ ዕለት ከጁምዓ በኋላ መጣሁ። እስከ ገራዶ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። መኪናውን ጋራዥ ተውኩት። መኪና ከያዝኩ ደግሞ የሚያፈስ ነገር አላጣም።

ወንዙ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ከቤቱ ሳልደርስ ጭቃው ውስጥ ወደቅኩ፤ ሱሪዬ እንዳለ ተበላሸ። ራሂማ ስታየኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ወገቧን ያማታል፤ "ያ ረቢ፣ አታስቀኝ" ትላለች።

ትናንት እማማ ወርቄ አሳዩኝ። "አንዱን እጅህን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከዳሌዋ ሥር። ጉልበትህን አልጋው ላይ ደግፍ። አትጎትታት፤ ወደ ራስህ አንከባልላት። ቢስሚላህ በል።" ቢስሚላህ አልኩ። ከበደችኝ። እግሯ ወደ ኋላ ቀረ፤ እማማ ወርቄ ሊያነሱት ሲሉ ራሂማ፣ "ተይው፣ እሱ ያንሳው" አለቻቸው። አነሳሁት። ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ መካከል ሙቀት አለ። ያን አላውቅም ነበር።

"አመመሽ?"

"አዎ" አለች። "ግን እንዲያው ያዘው።"

ዛሬ እማማ ወርቄ ጎረቤት ለቅሶ ሄደዋል፤ ማታ ነው የሚመለሱት። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። እሷ ከቀትር ጀምራ ተኝታ ነበር፤ እኔ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ስለ መኪናው የምጨምረው የለም። ትፈራለህ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አሁንም እፈራለሁ እላለሁ።

"ሀፊዝ።"

"ወዬ።"

"ማን አለ?"

"ማንም የለም። እኔ ነኝ።"

"ጎኔ ደነዘዘ" አለች።

ልነሳ።